ከፋሲካ በፊት ያለው ገጽ

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ጋርላንድ ውስጥ ካለ የቤዝቦል ሜዳ ላደርስ ሄጄ ከመኪና ስወርድ የተቆላ ሱፍ ሸተተኝ። አግዳሚው ላይ የተደረደሩት ልጆች ሱፍ እየፈለቀቁ ቅርፊቱን መሬት ላይ ይተፋሉ። እርጥብ ቀይ አፈርና የታጨደ ሣርም ይሸታል። ልጄ "እማዬ፣ ኦኬ ነኝ፣ ሂጂ" አለችኝ። አልሄድኩም። የብረት መቀመጫው ላይ ተቀምጬ ወንድሜ ናትናኤል አሥራ ሦስት ዓመት የሞላበትን ዓመት፣ ከመጋቢት እስከ ሰኔ ያለውን ጊዜ አሰብኩ።

እኔ ያኔ አሥራ አንድ ነበርኩ። በዲቪ ከመጣን ሁለት ዓመታችን ነው። እማዬ ኧርቪንግ ከተማ አንድ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። አባዬ ከዌርሃውስ፣ ከዕቃ መጋዘን ሥራው፣ የሚገባው እኛ ራት በልተን ከጨረስን በኋላ ነው። ናቲን ቤዝቦል የሚያመላልሰው ሰው ስላልነበረ እግዚአብሔር ጋሽ አበራን ሰጠን።

ጋሽ አበራ ከእኛ በታች ያለው አፓርትመንት ውስጥ የሚኖሩ የታክሲ ሹፌር ነበሩ። አገር ቤት ሳሉ በከባድ መኪና የአሰብን መንገድ ለዓመታት ተመላልሰዋል። ቤዝቦልን የተማሩት ኤርፖርት ተሳፋሪ ሲጠብቁ በሬዲዮ ነው፤ ስለዚህ ጨዋታውን በጆሯቸው ነበር የሚያውቁት። ሜዳ ዳር ሲቀመጡም ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። እኔ መጀመሪያ የሚጸልዩ መስሎኝ ድምፄን ቀንሼ ነበር የማወራቸው። አንድ ቀን ዱላው ኳሷን ሲያገኛት ዓይናቸውን ሳይገልጡ "ይቺ አጥሩ ጋ ነች" አሉ። አየሁ፤ አጥሩ ጋ ነበረች።

የዚያን ዓመት ጾም የገባው የጨዋታው ወቅት ሲጀመር ነው። አሥራ ሦስት ዓመት የሞላው ይጾማል። እማዬ ናቲን አላስገደደችውም፤ እሱ ራሱ "ሁሉንም እጾማለሁ፣ ሃምሳ አምስቱንም" አለ። የትምህርት ቤቱን ምሳ አይነካም። ጋሽ አበራ ከትምህርት ቤት ሲወስዱን የታክሲውን ሰዓት እያየ ይቆይና ዘጠኝ ሰዓት ማለፉን አረጋግጦ እማዬ የጠቀለለችለትን እንጀራ በምስር የኋላ ወንበር ላይ ይበላል። ከዚያ ሜዳ።

እማዬ አንድ ቀን ልጆቹ ሱፍ ሲበሉ አየች። ደስታዋን አልረሳውም።

"ፈረንጅም ይጾማል እንዴ?"

"አይደለም እማዬ፣ ዝም ብለው ነው የሚበሉት።"

"ዝም ብሎማ ሱፍ የሚበላ የለም" አለች።

በነጋታው የተላጠ ሱፍ በትልቅ ከረጢት ገዝታ መጣች። ፈጭታ፣ በጨርቅ አጥልላ፣ ትንሽ ማር ጠብ አድርጋ በናቲ የውሃ ጠርሙስ ሞላችለት። ሱፍ ሲጠለል እንደ ወተት ነጭ ነው። ልጆቹ ጠርሙሱን አይተው ናቲን "ሚልክማን" አሉት። ሃምሳ አምስት ቀን ወተት በአፉ ያልዞረ ልጅ "ባለ ወተቱ" ተብሎ ከረመ። አንዱ ልጅ ከራሱ ከረጢት ሱፍ ሲዘግንለት ናቲ ከረጢቱን ገልብጦ ጀርባውን አነበበና መለሰለት። ማጣፈጫው ውስጥ የወተት ዱቄት ነበረበት። ልጁ "ሚልክማን ወተት ጠላ!" ብሎ ሁሉንም አሳቃቸው።

ደብተሩን ያገኘሁት በዚያው ሰሞን ነው። የቡድኑ አሰልጣኝ ኮች ሬይ ይባላል፤ ወፍራም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው። የጨዋታውን ደብተር የምትይዘው ባለቤቱ ነበረች፤ ልትወልድ ስትል ቀረች። እኔ ሁልጊዜ መቀመጫው ላይ የቤት ሥራ ስሠራ ያየኝ ነበርና አንድ ቀን ደብተሩንና እርሳሱን አቀበለኝ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ መስመር፣ ለእያንዳንዱ ተራ አንዲት ትንሽ ሳጥን። ልጁ ኳሷን መትቶ ቤዝ፣ ማለትም መሬት ላይ የተነጠፈው ማረፊያ፣ ከደረሰ ይጻፍለታል፤ ካልደረሰ ዜሮ። ጋሽ አበራ ከዚያን ቀን ጀምሮ "ጸሐፌ ትእዛዝ" እያሉ ይጠሩኝ ጀመር።

"ጸሐፌ ትእዛዝ፣ ዛሬ ማንን ሾምሽ?"

ሥራዬን አከበርኩት። እርሳሴን ሁለት ጊዜ እቀርጻለሁ። አንድ ነገር ብቻ በራሴ ፈቃድ አደረግኩ። ወርዋሪው አራት መጥፎ ኳስ ከወረወረና መቺው ሳይነካቸው ካሳለፋቸው፣ ልጁ ዱላውን ጥሎ ወደ መጀመሪያው ቤዝ በእግሩ ይሄዳል። ዎክ ይሉታል። እሱን በነጥብ አመለክትና ድምሩ ውስጥ አላስገባውም። ልጁ አልመታም፤ የተሰጠውን ነው የወሰደው። የተሰጠን ነገር እንደ ራስ ሥራ መቁጠር ትዕቢት ነው ብዬ አምን ነበር። ማንንም አልጠየቅኩም።

ናቲ ባለፈው ዓመት ሩቅ የሚመታ ልጅ ነበር። ጾሙ ከገባ በኋላ ኳሷ ከዱላው ተነሥታ ሜዳው መሐል እንደ ደከማት ወፍ ታርፋለች። ዜሮ። ዜሮ። አንድ ነጥብ። ዜሮ። ልጆቹ ከአግዳሚው "ሚልክማን፣ ወተቱ ተበላሸ እንዴ!" ይሉታል። ኮች ሬይ ጠንካራው መቺ ከሚቆምበት ከአራተኛው ተራ ወደ ስምንተኛ አወረደው።

ጋሽ አበራ ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙና አጥሩን ተደግፎ ወደቆመው ኮች ሬይ ሄዱ። የታክሲ እንግሊዝኛቸው አጭርና ቀጥተኛ ነበር።

"ይህ ልጅ ጥሩ ነው።"

"ቁጥሩ እንደዚያ አይልም" አለ ኮች ሬይ።

"ሞተሩ ደህና ነው። ድምፁን ስማ። መሐሏን ነው የሚያገኛት። የጎደለው ናፍጣ ነው።"

"አበራ፣ እኔም ዓይንና ጆሮ አለኝ። ሃያ ዓመት ልጆች አይቻለሁ። ግን ዓይን የወደደውን ያያል። ደብተር ዘመድ የለውም።"

ጋሽ አበራ ሳቁ። "ዘመድማ አለው! የምትጽፈው እህቱ አይደለችም?"

ኮች ሬይም ሳቀ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ። "እህቱ ናት። ለወንድሟም ዜሮ ትጽፋለች። የማምናት ለዚህ ነው።"

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ደብተሩን ዘጋሁት።

የዚያን ዕለት እቤት ስንደርስ ናቲን "ለኮች ልንገረው?" አልኩት።

"ምኑን?"

"መጾምህን። ምሳ እንደማትበላ።"

"ብትነግሪው ሁለተኛ አላናግርሽም። ማለቴ፣ ሲሪየስሊ።"

"ለምን?"

"ጾም ይነገራል እንዴ? ቤተ ክርስቲያን አባ ምን አሉ? ጾምህን የምትጾምለት ብቻ ይወቀው አላሉም? ደግሞ ሰበብ ይመስላል።"

እማዬ ከወጥ ቤት ሰምታን ነበር። እጇን እየጠረገች በሩ ላይ ቆመች። "የኔ ልጅ፣ ከከበደህ ቀንስ። ልጅ ነህ። እግዚአብሔር አይቀየምህም።"

"አልከበደኝም" አለ። ከብዶት ነበር። እግሩን ሶፋው ላይ ሲያነሣ በእጁ ነበር የሚያነሣው።

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩትም። ዜሮውን መጻፍ ቀጠልኩ፤ እሱም መጾሙን ቀጠለ። ሁለታችንም አላቋረጥንም።

ፋሲካ አለፈ። በሁለተኛው ቀን፣ ማክሰኞ፣ ጨዋታ ነበረን። ናቲ ሲቆም ጋሽ አበራ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምፁ ጾሙ ከገባ ወዲህ የሰማሁት ዓይነት አልነበረም፤ ደረቅ ግንድ ሲሰነጠቅ ይመስላል። ጋሽ አበራ ዓይናቸውን ገለጡ። የጨዋታ ኳስ ለማየት ሲገልጡ ሳይ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው።

"ናፍጣ ገባ!" ብለው ተነሡ።

ከፋሲካ በኋላ ሃምሳው ቀን ጾም የለም፤ ረቡዕና ዓርብም ይበላል። ናቲ በእነዚያ ሳምንታት የመታውን ደብተሬ ይመሰክራል። ልጆቹ አሁንም ሚልክማን ይሉታል፣ ግን እየጮኹ፣ አጥሩን እየደበደቡ። ከስምንተኛ ወደ ስድስተኛ፣ ከስድስተኛ ወደ አምስተኛ ወጣ።

በግንቦት መጨረሻ ኮች ሬይ ጠራኝ። በሰኔ አጋማሽ፣ የአሜሪካ በጋ ሲገባ፣ ሌላ ከተማ ሄዶ ለሚጫወተው የበጋ ቡድን አሥራ ሁለት ልጆች ሊመርጥ ነው። "ቅዳሜ የሁሉንም ድምር አምጪልኝ። በዓይኔ ከመረጥኩ የምወዳቸውን ልጆች ነው የምመርጠው" አለ።

ናቲ ከዚያ ቡድን ሌላ ወሬ አልነበረውም። ማታ ማታ ዱላውን አልጋው ሥር ያስቀምጣል። ሲጸልይ ሰምቼዋለሁ፤ ስለ ሌላው ሁሉ ድምፁን ዝቅ ያደርግና ስለ ቡድኑ ሲደርስ ይረሳል።

ዓርብ ከትምህርት ቤት መጥቼ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ደመርኩ። ናቲ አሥራ ሦስተኛ ሆነ። እንደገና ደመርኩ። አሥራ ሦስተኛ። ሦስተኛ ጊዜ ከታች ወደ ላይ ደመርኩ፤ ያው ነው።

ያኔ ነው መስመር ያሰመርኩት። ፋሲካ ላይ ደብተሩን ለሁለት ከፈልኩና በሁለት ወረቀት ገለበጥኩት፤ አንዱ ከፋሲካ በፊት፣ አንዱ ከፋሲካ በኋላ። በኋለኛው ወረቀት ናቲ ከሁሉም አንደኛ ነው። የፊተኛውን ወረቀት አጥፌ ኪሴ ከተትኩ። ውሸት የለበትም፤ የጻፍኩት ቁጥር ሁሉ እውነት ነው። ኮች የጠየቀው ልጆቹ አሁን እንዴት እንደሆኑ ነው፤ ይህ ደግሞ አሁን ነው። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳሳምን ቆየሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ናቲ ጓንቱን ረስቶ ወደ ላይ ሲመለስ ታክሲው ውስጥ ከጋሽ አበራ ጋር ብቻችንን ቀረን። ነገርኳቸው።

"እኔ አንድ ጊዜ መኪና ሸጬ ነበር" አሉ። "ሜዳ ላይ እንደ ንብ ነበር የሚሄደው። ዳገት ላይ ግን ይግላል። ገዢው ዳገት ላይ እንዴት ነው ብሎ አልጠየቀኝም። እኔም አልነገርኩትም። የሰማው ድምፅ እውነተኛ ድምፅ ነበር፣ ገባሽ? አልዋሸሁም።"

"ከዚያስ?"

"በወሩ ዳገት መሐል ላይ ቆሞ አገኘሁት። ከነልጆቹ፣ በፀሐይ። ጎትቼ አወጣሁት። ከዚያ ወዲያ ሰላም ብሎኝ አያውቅም።"

"እና ምን ላድርግ?"

"እኔን ትጠይቂያለሽ? እኔ እኮ የሸጥኩት ነኝ" አሉ።

ናቲ ጓንቱን ይዞ ገባ።

ሜዳው ስንደርስ ልጆቹ ልምምድ ጀመሩ። ኮች ሬይ የመኪናውን የኋላ በር ከፍቶ ተቀምጦ ነበር። የኋለኛውን ወረቀት ሰጠሁት። ረጅም ጊዜ አየው።

"ይህ ከሚያዝያ መጨረሻ ወዲህ ያለው ብቻ ነው።"

"አዎ።"

"ሌላውስ?"

ከኪሴ አወጣሁት። አስቤ አልነበረም፤ እጄ ቀደመኝ። ሁለቱን ወረቀት ጎን ለጎን ጭኑ ላይ ዘረጋቸው። ሌሎቹ ልጆች በሁለቱም ገጽ ያው ናቸው። ናቲ ብቻ ሁለት ልጅ ነው።

"በሁለቱ ወረቀቶች መሐል ወንድምሽ ምን ሆነ?"

"አልነግርህም።"

ቀና ብሎ አየኝ። "ታሞ ነበር?"

"አልታመመም።"

"ቤታችሁ ሰላም ነው? ማርታ፣ ችግር ካለ ንገሪኝ።"

"ሰላም ነው። ተመስገን።"

ጢሙን አሸት አሸት አደረገ። ከዚያ እኔ ያላሰብኩትን ጥያቄ ጠየቀ።

"ያ ነገር ይመለሳል?"

ፍሪጃችን ላይ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ተለጥፏል። ከጰራቅሊጦስ ማግስት ሰኞ ጀምሮ ቀኖቹ በቀይ ተከበዋል፤ የሐዋርያት ጾም። የበጋው ቡድን የመጀመሪያ ጨዋታ በዚያው ሳምንት ሐሙስ ነው። "አላውቅም" ልለው እችል ነበር። ቀኑን ግን አውቀዋለሁ።

"ይመለሳል" አልኩት። "በሰኔ። ጨዋታው ባለበት ሳምንት ሰኞ ይጀምራል።"

"ለስንት ጊዜ?"

"አራት ሳምንት ያህል።"

እንዲህ ያለ ነገር ቀን ቆርጦ ሲመጣ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ፊት ነበር ያየሁበት። ግን አልሳቀም። የኋለኛውን ወረቀት፣ ናቲ አንደኛ የሆነበትን፣ አጥፎ መለሰልኝ።

"እንግዲያው የሚያስፈልገኝ ይሄ ነው" አለና የፊተኛውን አነሣ።

ወንድሜን በገዛ አፌ ያስወጣሁት መሰለኝ። ሜዳው ላይ ናቲ ምንም ሳያውቅ ይስቃል፤ ድምፁ ይሰማኛል።

ኮች ሬይ በጣቱ የናቲን መስመር ተከተለ። "እነዚህ ነጥቦች ምንድን ናቸው?"

"ዎክ።"

"ድምሩ ውስጥ የሉም።"

"አልመታም እኮ። የተሰጠው ነው።"

ኮፍያውን አወለቀ። "ማን ሰጠው?"

"ወርዋሪው።"

"ስሚኝ። ወርዋሪ ለማንም ምንም አይሰጥም። አራት ጊዜ እጁን የያዘው ወንድምሽ ነው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ፣ ዱላ ይዞ፣ ሰው እየሰደበው፣ ኳስ በፊቱ እያለፈች ዝም ብሎ መቆም ቀላል ይመስልሻል? የሚችለው በጣም ጥቂት ነው።" ወረቀቱን መለሰልኝ። "እንደገና ደምሪ። ለሁሉም። መምታትና ዎክን አንድ ላይ።"

ሣሩ ላይ ተቀምጬ ደመርኩ። ልምምዱ እስኪያልቅ ፈጀብኝ። ናቲ ከፋሲካ በፊት በመምታት ከመጨረሻ ሁለተኛ ነበር። ቤዝ በመድረስ ግን ከላይ ሁለተኛ ሆነ። ጉልበት ባጣበት ጊዜ መጠበቅን ተምሯል፤ እኔ ስጽፍለት ከርሜ አላየሁትም። ሁልጊዜ ከዳር የሚቀመጥ ሌላ አንድ ጸጥተኛ ልጅም በአዲሱ ድምር ከአሥራ ሁለቱ ገባ። እሱንም እኔ ነበርኩ ያስቀረሁት። ለኮች ሬይ ነገርኩት።

"ዛሬ ተስተካከለ አይደል?" አለኝ። ሌላ አልተናገረም። ልጆቹን ሰብስቦ አሥራ ሁለት ስም አነበበ። የናቲን የመጀመሪያ መቺ ብሎ አነበበው።

ታክሲው ውስጥ ናቲ አልቻለም። ወንበሩን ከኋላ ይደበድባል። "ሊድኦፍ! ጋሽ አበራ፣ ሰሙ? መጀመሪያ የምቆመው እኔ ነኝ!"

"ሰማሁ፣ ሰማሁ። ወንበሬን ተውልኝ።"

"ስንተኛ ሆንኩ?" አለኝ።

ሁሉንም ነገርኩት፤ አሥራ ሦስተኛ መሆኑን፣ ሁለቱን ወረቀት፣ ነጥቦቹን። ጥያቄው ላይ ስደርስ ድምፄ ቀነሰ።

"ጾም ብለሽ ነገርሽው?"

"አላልኩም። ይመለሳል ወይ አለኝ። በሰኔ ይመለሳል አልኩት።"

ወንበሩን መደብደብ ተወ።

"በሰኔ እንደምጾም ማን ነገረሽ?"

"ካላንደሩ ላይ አለ።"

"የሰኔው የቄስ ጾም ነው ይላል ሰው ሁሉ። እኔ እኮ ላልጾም ነበር፣ ማርቲ። ለጨዋታው ብዬ። ለእማዬ ልነግራት ቀን እየፈለግኩ ነበር።"

በሰው ሆድ ቃል ሰጥቼ መምጣቴ አሁን ገባኝ። "ልንገረው? ተሳስቻለሁ ልበለው?" አልኩ።

ጋሽ አበራ ፍሬን ያዝ አደረጉ። በመስታወቱ ናቲን አዩት። "ልዙር?"

ናቲ ወደ ውጭ እያየ ነበር። ቀዩ መብራት ላይ ቆምን።

"ደካማ እንደምሆን እያወቀ ነው የመረጠኝ?"

"አዎ። ያንን ገጽ ብቻ ነው ያየው። ጥሩውን መለሰልኝ።"

"ጥሩውን መለሰው" አለ ለራሱ።

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ። ከኋላችን ያለው መኪና ጡሩምባ ነፋ። ጋሽ አበራ እጃቸውን የማዞሪያ ምልክቱ ላይ እንዳደረጉ ጠበቁ።

"ናትናኤል፣ ሰው እያስቆምን ነው። ልዙር ወይስ ቀጥታ?"

"ቀጥታ" አለ ወንድሜ። "እማዬን ሱፍ ጨምሪ እላታለሁ።"